የተጠባባቂው ኃላፊ ቅናት

መስከረም 28

ውድ ባለቤቴ፣

ወንበርሽ ይመቸኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። አይመችም። አንቺ ለዓመታት ወደ ግራ አጋድለሽ ስለተቀመጥሽበት እኔም ሳላውቀው ወደ ግራ ዘንበል ብዬ ስብሰባ እመራለሁ። መምህራኑ በጥልቀት የማስብ ይመስላቸውና ዝም ይላሉ። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ መሆን ማለት እንግዲህ ይኼው ነው።

ሰላምታውን ማስቀደም ነበረብኝ። ደህና ነን። ልጅሽም ደህና ናት። (ልጅሽ የምልሽ ሳታጠና ስትቀር ነው፤ ስታጠና ልጄ ናት።) ከስልክ ይልቅ እንጻጻፍ ማለትሽ ልክ ነበር። ስልክ ላይ ሁለታችንም ባለሙያ እንሆናለን፤ «የምትለኝ በትክክል ከገባኝ» እያልን አንዳችን የሌላችንን ቃል መልሰን ስንደግም ሰዓቱ ያልቃል። ልጃችን ባለፈው ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰምታን፣ እናንተ ሰዎች ትዳር ላይ ናችሁ ወይስ ምዘና ላይ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ስለ ትምህርት ቤቱ፦ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ «ዓለም አቀፍ እይታ» የምትባለው ነገር ግቢያችን ውስጥ ቋሚ ተቀጣሪ ሆናለች። ዲኑ ያለ እሷ ጉሮሮውን አያጸዳም። ትልቅ የዓለም ካርታ አሳትሞ ሁለተኛ ዓመቶች ክፍል አሰቅሏል፤ ባዶ ግድግዳ ስላልነበረ መስኮቱ ላይ። አሁን ተማሪዎቻችን ዓለምን በሙሉ ያያሉ፤ ለመስክ ልምምድ የሚወጡበትን ማዶ ያለውን ሰፈር ግን አያዩም። አምፖል እንዲጨመርልን ጠይቀናል።

ስለ ሥራ ባልደረባሽ እንኳ አልጠየቅኩሽም ነበር፤ አንቺ ግን መልሰሻል። ረጅም ነው አልሽ። ጥሩ። ሰው ሲያዳምጥ ጎንበስ ይላል አልሽ። ረጅም ሰው ሌላ ምን ምርጫ አለው? በብስክሌት ይመጣል፣ ተማሪዎቹ ያለ ማዕረግ በስሙ ይጠሩታል፣ ተሳስቻለሁ ማለት አይከብደውም። ይኼ ሁሉ በአንድ ገጽ። አልቀናሁም። ማኅበራዊ ሠራተኛ አይቀናም፤ ስሜቱን ይለያል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ለተቆጣጣሪው ያቀርባል። ተቆጣጣሪዬ አንቺ ስለሆንሽ አቀረብኩ።

ሁለታችንም ለውጭ አገሩ የማስተማር ዕድል ተወዳድረን አንቺን ሲመርጡ በሰው ፊት ያጨበጨብኩት ከልቤ ነው። አንድ ዓመት ነው፤ በሰኔ ትመለሻለሽ። ይኼን የምጽፈው ላስታውስሽ አይደለም። ተጽፎ ላየው ፈልጌ ነው።

ተጠባባቂሽ

ጥቅምት 15

አንተ ሰውዬ፣

አዎ፣ ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። አይ፣ አልታመምኩም። አዎ፣ ካፖርት ገዝቻለሁ። አይ፣ እሱ አልመረጠልኝም። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ብቻዬን አይደለም፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሦስት መቶ ተማሪ አለ።

ይኼን ከጨረስን ወደ ሌላ ነገር ልግባ። ስለምኖርበት ቤት ጠይቀሃል። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በሮቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። በመጣሁ ሰሞን ከጎኔ ያለችውን አሮጊት ሰላም ልበላት ብዬ በሯን አንኳኳሁ። በሰንሰለት ከፈት አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየችኝና ምን ደረሰ አለችኝ። ምንም አልደረሰም፣ ጎረቤትሽ ነኝ አልኳት። እና ምን ደረሰ አለችኝ እንደገና። ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ ስታገኘኝ ቆማ ፊቴን ታያለች፤ አንድ ነገር ደርሶብኝ እንደሆነ ማረጋገጧ ይመስለኛል። በራሷ መንገድ እየጠየቀችኝ ነው።

ይኼን ክፍል ውስጥ ተናገርኩ። ተማሪዎቹ ሴትዮዋን አልታዘቡም፤ እኔን ታዘቡኝ። ሳትጠራ የሰው በር ማንኳኳት ጣልቃ ገብነት አይሆንም ወይ አሉኝ። እኔ ደግሞ ሳይንኳኳ የሚከርም በር ምን ይባላል አልኳቸው። ደወሉ እስኪደወል ተከራከርን። እኔና አንተ ያንን ሁሉ ዓመት ከመጽሐፍ የምናስተምረው ነገር በአንዲት አሮጊት በር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ሌላ ነገር መሥራት አቃተኝ።

አሁን ጉዳይ አለኝ። ሁለቱ ክፍሎች፣ ያንተም የእኔም፣ በስክሪን ተገናኝተው አብረው ቢማሩስ? የሚና ጨዋታ፦ ከእናንተ አንድ ሰው ተገልጋይ ሆኖ ይቀመጣል፣ የእኔ ተማሪ ትጠይቀዋለች፣ እኔ መሃል ሆኜ አስተረጉማለሁ። ሐሳቡ የእሱ ነው። የማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ አትቅላ።

ሌላም የምነግርህ ነበረኝ። ግን ገና ነገር አልሆነም። ይቆይ።

ልጄን ሳምልኝ፤ ብታጠናም ባታጠናም።

ባለቤትህ

ኅዳር 2

ውድ ባለቤቴ፣

አልቀላሁም። ሳነብብ ያየችኝ ልጅሽ ግን ሌላ ትላለች።

የጋራ ክፍለ ጊዜውን በተመለከተ ክፍሉ ተስማምቷል። ዲኑም ተስማምቷል፤ እንዲያውም ለራሱ የመክፈቻ ንግግር ይዟል። አሳጥሩልኝ ያልሽውን ነግሬዋለሁ፤ አሳጥሮ አንድ ገጽ ተኩል አድርጎታል።

ተገልጋዩን ማን ይጫወት የሚለው አስቸግሮን ነበር። መጀመሪያ የተመረጠው ልጅ በሁለት አገር ፊት ቁጭ ብዬ ችግሬን አላወራም አለ። የራስህ ችግር እኮ አይደለም ብንለው፣ ያን ለእናንተ ነው እንጂ ለሚያዩኝ ማን ይነግርልኛል ብሎ እምቢ አለ። ሌሎቹ ተመካከሩና እኔን መረጡ። ምክንያታቸውን ብጠይቅ፣ መምህር ፊትዎ ይረዳል አሉኝ። ምን እንደሚረዳ አላብራሩም።

ስለዚህ የላክሽልኝን ገጸ ባሕርይ አጥንቻለሁ፦ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከልጁ ጋር የተኳረፈ፣ ከቤት የማይወጣ። አንድ አሮጌ ኮፍያ ከጎረቤት ተውሻለሁ። መሪ ላይ እጁን ማሳረፍ የለመደ ሰው ቁጭ ሲል እጁን የት እንደሚያደርግም አስቤበታለሁ። አየሽ፣ በቁም ነገር ነው የያዝኩት።

አንድ ጥያቄ። ረጅሙ ያን ቀን ክፍል ውስጥ ይኖራል? እንዲኖር እፈልጋለሁ። ለትምህርቱ ጥራት ነው።

እና ያ ገና ነገር ያልሆነው ነገር፣ ምንድነው? ለተማሪ እንኳ እንዲህ አይደረግም፤ ጀምረሽ መተው። እኔ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ስገምት ከርሜአለሁ። የገመትኳቸውን አልጽፍልሽም፤ አንዳንዶቹ ቁመት አላቸው።

ባልሽ

ኅዳር 19

ለተጠባባቂው ኃላፊ፣

ደህና ነኝ። ድምፄ ለምን እንደጠፋ ጠይቀሃል። አልጠፋም፤ ያንተን ቃል ሲናገር ውሎ ደክሞት ነው።

ወረቀቱ ላይ የሹፌሩ ሚስት ሞታለች ይላል። አንተ በጋራ ክፍለ ጊዜው ላይ በሦስተኛው ጥያቄ ከመቃብር አስነሥተህ ውጭ አገር ላክሃት። እሺ፣ ተዋናይ ነው፣ ይፈጥራል አልኩ። ቀጥለህ ለትምህርት ነው የሄደችው አልክ። ቀጥለህ አብሯት የሚሠራ አንድ ሰው አለ አልክ። ኮፍያህን አውልቀህ ጭንህ ላይ አደረግክና፣ እንግዲህ ቁመቱን እንኳ ተወው፣ ብስክሌቱ ነው የሚያናድደኝ አልክ።

አስተርጓሚ «እሱ እንዲህ ይላል» አይልም። «እኔ» ነው የሚለው። ይኼን ደንብ እነዚህን ልጆች ያስተማርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ፤ ተገልጋዩን በራሱ ቃል ካላቀረባችሁት ሰረቃችሁት ብያቸዋለሁ። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በገዛ አፌ፣ ሚስቴ ሄዳለች፣ ደብዳቤዋ ውስጥ ሁሉ እሱ አለ፣ የምትመለስም አይመስለኝም ስል ቆየሁ። ረጅሙ ከኋላ ወንበር ላይ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ብስክሌቱ ላይ ስንደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ጠያቂዋ ልጅ ጎበዝ ናት። ዓይን ዓይንህን እያየች ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀችህ። እኔም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩልህ፦

«መሆን የሚፈልጉት በሰውዬው ቦታ ነው ወይስ በሚስትዎ ቦታ?»

ጠበቅንህ። ከዚያ መስመሩ ተቋርጧል አልክ። መስመሩ አልተቋረጠም ነበር። ፊትህ፣ ኮፍያህ፣ ከኋላህ የተሰቀለው ካርታ በሙሉ ይታይ ነበር። ሠላሳ ሰው አንድ የተቋረጠ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየ።

ተማሪዎቼ ተገልጋዩ እውነተኛ ሰው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሹፌር ነው አልኳቸው።

አሁን ብዙ መጻፍ አልችልም። ልጄን ሳምልኝ።

ኅዳር 28

ውድ ባለቤቴ፣

ይቅርታ። ይኼን ለብቻው፣ ምንም ሳልቀጥልበት ጻፍ ብለሽ እንደምታዢኝ ስለማውቅ ለብቻው ጻፍኩት።

አሁን ልቀጥል። እዚህ ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። ተማሪዎቹ እንዲህ ያለ ትወና አይተው አያውቁም፤ አንደኛ ዓመቶች ደግሞ ለእነሱም ሹፌሩን እንዳመጣላቸው ጠይቀዋል። ዲኑ፣ ዓለም አቀፍ እይታ ማለት ይኼ ነው፣ የኛ ሰው ስሜት ባሕር ተሻግሮ ተሰማ ብሎ በስብሰባ ላይ አመስግኖኛል። ልጄ ግን ቀረጻውን አየችው። እስከ መጨረሻው አይታ፣ አባዬ፣ ሹፌሩ ለምን ዝም ብሎ ለሚስቱ አይደውልላትም አለችኝ። ሹፌሮች እንዲህ ናቸው አልኳት። አንተ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለህም አለችኝ። (ዛሬ ያጠናችበት ቀን ነው።)

ይኼን ሁሉ እያዋዛሁ የምጽፈው ከትናንት ለመሸሽ ነው። ትናንት ዲኑ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘና እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ለምኑ ነው አልኩት። ሁለት ዓመት ሊጨምሩላት ነው፣ የጋራ ኮርሱን እዚያው ሆና እንድታዘጋጅ፣ ትምህርት ቤታችን ኮራ አለኝ። እኔም ኮራሁ። ኮርቼ ቢሮዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ገና ነገር ያልሆነው ነገር ይኼ ነበር ማለት ነው። ከረጅሙ በኋላ፣ ከዲኑ በኋላ፣ ምናልባትም ከዚያች በሰንሰለት ከምትከፍት አሮጊት በኋላ ሰማሁ። ያም አልበቃ ብሎ፣ ጥያቄው እንዲያልፍ የቅርብ ኃላፊሽ ይሁንታ ያስፈልጋል ተባልኩ። የቅርብ ኃላፊሽ ማን መሰለሽ? ስላንቺ የጻፉት ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ብዬ መልሻለሁ። የማየው እኔ ነኝ፤ ሳየው ነው የምውለው።

በዚህ አያያዝ እንደ ቀናተኛ ባል ሳይሆን እንደ ቀናተኛ መሥሪያ ቤት ነው የሆንኩት።

ትመለሻለሽ ወይስ አትመለሺም?

ታኅሣሥ 9

ውዴ፣

ከዲኑ ቀድመህ ከእኔ መስማት ነበረብህ። በዚህ ምንም ማመካኛ የለኝም።

ለምን እንዳልነገርኩህ ግን ጠይቀሃልና ልመልስ። ብነግርህ ምን ትለኝ እንደነበር ስለማውቅ ነው። «ውሳኔው ያንቺ ነው» ትለኝ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኘኝም ያልከው እሱን ነው። ያን ሁሉ ሻንጣ ተሸክመህ፣ ላብህ እየወረደ፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ተገልጋይ መብት የምናስተምረውን አረፍተ ነገር ለእኔ ነገርከኝ። እኔ ተገልጋይህ አይደለሁም። አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኜ አንድ ጊዜ እንኳ አትሂጂብኝ ቢለኝ ምን ነበረበት እያልኩ መጣሁ። ብትለኝም እሄድ ነበር። ግን ብትለኝ።

ስለ ረጅሙ፣ እውነቱን ላውጣው፤ እንዳትኮራ ብዬ ነው የደበቅኩህ። ይኼ ሰው ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለ ማርክ አሰጣጥ ነው፤ ሲበዛም ስለ ጎማ። ስለ አንተ ግን ይጠይቀኛል። ያ ያንተ የቤት ለቤት ጉብኝት ሕግ አለ አይደል፣ በመጀመሪያው ጉብኝት ወረቀት አይወጣም፣ ባለቤቱ ያስቀመጠህ ቦታ ትቀመጣለህ፣ የምትነሣውም እሱ ሲደክመው ነው የሚለው? አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተናግሬው ነበር። እዚህ ተማሪ የሰው ቤት ሲገባ ገና ከበሩ ቅጽ ይዘረጋል። ረጅሙ ሰምቶ ልጆቹን ያለ ወረቀት ልኮ ሞከረው። ግማሾቹ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ተመለሱ፤ ግማሾቹ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አግኝተው መጡ። አሁን በመማሪያ ዕቅዳቸው ውስጥ ሊያስገቡት ነው። የምናዘጋጀው የጋራ ኮርስ መነሻው ይኼ ነው። አየህ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ዓለምን ላመጣላችሁ ነበር፤ አንተን እያስተማርኩላቸው ነው።

የሁለት ዓመቱን ጥያቄ ያቀረቡት እነሱ ናቸው። እሺም እምቢም አላልኩም። እኔም ራሴ የምፈልገውን በቅጡ አላውቅም፤ አንዳንድ ቀን እዚህ ኮሪደር ውስጥ ሆኜ ሁሉም በር እንዲከፈትልኝ እፈልጋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ልጄ ስትነጫነጭ ብሰማ ይበቃኛል።

ማመልከቻውን ኃላፊው እንደ ማንኛውም መምህር ጉዳይ ያስተናግደው። አይጥቀመኝ፣ አይጉዳኝም። ባሌ ግን አንድ መልስ አለበት። ያቺ ጠያቂ ተማሪ ሹፌሩ ምን መለሰ እያለች እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ባለቤትህ

ታኅሣሥ 20

ባለቤቴ፣

በሚስቴ ቦታ። መልሱ ይኼ ነው። ለልጅቷ ንገሪያት።

በሰው ቁመት መቅናት ለካ ምቹ ነገር ነው። ባል ነኝ፣ ወንድ ነኝ፣ ቀናሁ ስትይ ሰው ይረዳሻል፤ ትንሽ ይስቅብሽና ያልፋል። በገዛ ሚስቱ ዕድል የሚቀና ሰው ግን የት ይቀመጣል? ስለዚህ ረጅሙን ፈለግኩት። ባይኖር ኖሮ እፈጥረው ነበር።

የአሮጊቷን በር ያነበብኩ ቀን ነው በደንብ ያወቅኩት። ደብዳቤሽን አጥፌ ለአንድ ሰዓት ያህል ተናደድኩ፤ በሩን ያንኳኳሁት እኔ አልነበርኩማ። የደነገጥኩት እኔ አልነበርኩም። እኔ እዚህ ከብዙ ዓመት በፊት የገረመኝን ነገር ዛሬም እንደገረመኝ እያስመሰልኩ አስተምራለሁ። አንቺ ግን በእኛ ዕድሜ አዲስ ነገር ደርሶብሽ መሥራት አቃተኝ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሲመርጡሽ ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት ብዬሽ ነበር። እጄ ከልቡ ነበር።

አሁን ደግሞ ረጅሙ ሰውዬ የእኔን ሕግ ሞክሮ ተገረመ ትይኛለሽ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ብሎኝም ነበር። ከዚያ በእኔ ሕግ ላይ እኔ ሳልኖር ተገረሙ ብዬ እንደገና ቀናሁ። የሚሰማኝን ሁሉ እየነገርኩሽ ነው።

ስለ ማመልከቻው። ልፈርም እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ልከልክልም አነሣሁ። ሁለቱም የእኔ አልመስል አሉኝ። ይዤው ዲኑ ቢሮ ሄድኩና ይኼን እርስዎ ይዩት፣ እኔ የጥቅም ግጭት አለብኝ አልኩት። ምን ዓይነት ግጭት አለኝ።

«ትናፍቀኛለች» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ ይኼ በመመሪያው ውስጥ የለም አለኝ። የለም አልኩት። መነጽሩን መልሶ አድርጎ ፈረመበት፤ ደግነቱ ዓለም አቀፍ እይታን አላነሣም። ስለዚህ ሁለቱ ዓመት ተፈቅዶልሻል። ማንም የሚይዝሽ የለም።

አሁን ኃላፊው ከክፍሉ ወጥቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ያላልኩትን ልበል፤ ዘግይቷል፣ ግን ይኸውና፦ አልፈልግም። ሁለት ዓመት አልፈልግም። ውሳኔው ያንቺ መሆኑን አውቃለሁ፣ አስተምረዋለሁ፣ ፈተናም አወጣበታለሁ። የምፈልገውን ነው የጠየቅሽኝ።

ነይ።

ጥር 4

ውዴ፣

መጨረሻዋን ቃል ከመጀመሪያው ቀድሜ ነው ያየኋት፤ ገጹ ግርጌ ብቻዋን ነበረች። ካፖርቴን ሳላወልቅ በሩ ጋ ቆሜ አነበብኩት። አሮጊቷ በኮሪደሩ ስታልፍ ቆማ አየችኝና ምን ደረሰ አለችኝ። ባለቤቴ ጻፈልኝ አልኳት። ጥሩ ነው መጥፎ አለችኝ። ቀንቷል አልኳት። ጥሩ ነው አለችና ሄደች።

ሁለት ዓመቱን አልፈረምኩም። በሰኔም አልመጣም። ኮርሱን የጀመርኩት እኔ ነኝና የመጀመሪያው ዙር ተማሪዎች ሲጨርሱት ማየት እፈልጋለሁ፤ ይኼ የእኔ ፍላጎት ነው፣ አንተንም ትንሽ ያምሃል፣ አውቃለሁ። ከሰኔ በኋላ አንድ ሴሚስተር። ከዚያ እመጣለሁ። ይኼን የምጽፈው ላጽናናህ አይደለም፤ ወስኜ ነግሬያቸው ነው።

ከሁለቱ ዓመት ለሚቀረው ጊዜ ሰው ይፈልጋሉ። ረጅሙ ስምህን ልጠቁም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ራሴ አስቆምኩት። ማስታወቂያው በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ከፈለግክ እፈልጋለሁ ብለህ ተወዳደር። ላታልፍ ትችላለህ። ካለፍክ ደግሞ ቦታችንን እንቀያየራለን፤ እኔ እዚያ ሆኜ ያንተን ደብዳቤ እያነበብኩ ሳህን አጥባለሁ። ደስ አይለኝም። ካሁኑ ልንገርህ፣ እንደምቀና ይታወቀኛል።

ለልጅቷ መልስህን ነገርኳት። ሹፌሩ እንዴት ደፈረ አለችኝ። ሹፌሩ አይደለም፣ ባሌ ነው አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ቀላሁ፤ ካሁን በኋላ በአንተ አልስቅም።

በልጃችን ላይ አንድ ሴሚስተር ጨምሬባታለሁና ይቅርታዬን እኔው እጽፍላታለሁ። አንተ ግን እስከዚያ ድረስ ቅና፤ ተፈቅዶልሃል። በራስህ አፍ ብቻ ይሁን።

ባለቤትህ